ነፍሳት ገዳዩ ሻጋታ በጋውን እንዴት ያልፋል?

ቦቬሪያ ባሲያና አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ጢንዚዛንና ሌሎች ነፍሳትን የሚገድል ሻጋታ ነው። የተሰየመው በአጎስቲኖ ባሲ ስም ሲሆን፣ እኚህ ጣሊያናዊ የሐር ትል በሽታ መነሻው ሻጋታ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1835 አሳውቀዋል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባው የጉለሌ ተዳፋት፣ የሻጋታው ከባድ ጠላት ከኅዳር ውርጭም ይልቅ ፀሐይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ያልተከለለ ስፖር (የሻጋታው መራቢያ ብናኝ) በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አፈርና የረገፈ ቅጠል ዋና መጠለያዎቹ ናቸው። በስፖሩ ውስጥ የሚከማቸው ትሬሃሎስ የተባለ ስኳር ደግሞ ድርቀትን እንዲቋቋም ያስችለዋል።

እጅግ የሚደንቀው መሸሸጊያ ግን ራሱ የገደለው ነፍሳት ነው። ሻጋታው ሬሳውን በክሮቹ ሞልቶ ያደርቀዋል፤ ኦስፖሬይን የተባለ ቀይ ንጥረ ነገር አመንጭቶም የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎችን ያግዳል። ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲበቃ ክሮቹ በቅርፊቱ መገጣጠሚያዎች በኩል ይወጣሉ፤ ሬሳው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያ ነጭ ብናኝ አዲስ ስፖር ነው።

ሌሎች ነፍሳት ገዳይ ሻጋታዎች የተለየ መንገድ አላቸው። አረንጓዴው ሜታራይዚየም የዕፅዋት ሥር ላይ ተጠግቶ ይኖራል፤ በኢንቶሞፍቶራ ወገን ያሉ ብዙዎቹ ደግሞ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ምቹ ወቅት እስኪመጣ የሚያንቀላፋ ስፖር ይሠራሉ።