የአንድ ወንዝ ልጆች፣ ማዶ ለማዶ

ሰሜን ታይላንድ፣ ሜኮንግ ወንዝ ዳር፣ ቺያንግ ኮንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ማለዳ ወደ ድልድዩ የሚያመሩት ከእሷ ነው። ድልድዩ በ2013 እስኪከፈት ድረስ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፈዋለሁ) መሻገሪያው ትንሽ የሞተር ጀልባ ነበረች፤ ወሬ ጀምረው ሳይጨርሱ ላኦስ ታደርስ ነበር። አሁን ፓስፖርት አስመትቶ አውቶቡስ መሳፈር ነው። ታይላንድ ውስጥ የሚነዳው በግራ፣ ላኦስ ውስጥ በቀኝ ስለሆነ መኪናው ሲሻገር መስመር ይቀይራል።

ከማዶ ሁዋይ ሳይ አለች። ወደ ጥንቷ የነገሥታት ከተማ ወደ ሉዋንግ ፕራባንግ የሚወርደው ቀርፋፋው ጀልባ የሚነሣው ከዚህ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ አዳር ፓክቤንግ ነው። ጀልባው ረጅምና ጠባብ የእንጨት ጀልባ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡበት ወንበር ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ዘግይቶ የመጣ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ሲጮህ ይውላል።

ጉዞው ሲጀመር በስተቀኝ ያለው ዳር ታይላንድ፣ በስተግራ ያለው ላኦስ ነው። ጥቂት እንደሄዱ ግን ግራውም ቀኙም ላኦስ ይሆናል። ወንዙ ያው ወንዝ፣ ደኑም ያው ደን ነው። ድንበሩ ወንዙን ትቶ ወደ ተራራው የወጣበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ አንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ መሄድ ያስፈልጋል።

ኦጉስት ፓቪ የፈረንሳይ፣ የብሪታኒ ሰው ነው። የመኮንን ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ካምቦዲያ ውስጥ ካምፖት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ የአገሬውን ቋንቋ ተምሮ፣ ከሰዉ ጋር ተላምዶ ኖረ። ከፕኖም ፔን እስከ ባንኮክ የተዘረጋውን የቴሌግራፍ መስመር ሥራም መራ። ከ1879 እስከ 1895 በኢንዶቺና ደንና ተራራ ሲዞር ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እግሩ ነበር። አገሩ ውስጥ ዛሬም የሚታወቀው ባዶ እግሩን በሄደ አሳሽነቱ ነው። ዛሬ ቦርሳ አዝለው ለሚዞሩት አባት ይፈለግላቸው ቢባል ከእሱ የሚቀድም አይታየኝም፤ ልዩነቱ እሱ መንግሥት ከኋላው ነበረው።

በ1887 ምክትል ቆንስል ሆኖ ሉዋንግ ፕራባንግ ገባ። ከተማዋ ያኔ ለሲያም፣ ማለትም ለዛሬዋ ታይላንድ፣ ትገብር ነበር። በዚያው ዓመት ዴዎ ቫን ትሪ የተባለ የተራራው አገር ባላባት፣ የሲያም ጦር ወንድሞቹን አስሮ ስለወሰደበት፣ ቂሙን ሊወጣ ወርዶ ከተማዋን አቃጠለ። ፓቪና ሰዎቹ ሽማግሌውን ንጉሥ ኡን ካምን ከእሳቱ አውጥተው፣ በጀልባ አሳፍረው ወደ ታች ይዘዋቸው ሸሹ። ገባሪዋን ከተማ ሳይጠብቅ የቀረ ገዥ ውሎ አድሮ ምን እንደሚገጥመው ያኔ ባንኮክ ያሰበ ያለ አይመስልም።

ፈረንሳይ ቬትናምን ከያዘች በኋላ፣ ከሜኮንግ በስተምሥራቅ ያለው አገር ጥንት ለአናም፣ ማለትም ለቬትናም፣ ነገሥታት ይገብር ነበር የሚል ክርክር አነሣች። በሐምሌ 1893 ሁለት የጦር ጀልባዎቿ በባንኮክ ወንዝ አፍ ፓክናም ላይ ያለውን ምሽግ በተኩስ አልፈው ባንኮክ መሐል መልሕቃቸውን ጣሉ። በሳምንቱ የ48 ሰዓት ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ ለንጉሥ ቹላሎንግኮርን መንግሥት ቀረበ። ያቀረበው ማን ነው ቢሉ፣ ያኔ ባንኮክ ላይ የፈረንሳይ ተወካይ የነበረው ያው ባዶ እግሩን የዞረው ፓቪ ነው።

በጥቅምት 3 ቀን 1893 በተፈረመው ውል ሲያም የወንዙን ግራ ዳርና በውስጡ ያሉትን ደሴቶች ሁሉ ለቀቀች። ሜኮንግ ድንበር ሆነ። በ1904 ደግሞ በሌላ ውል ከሉዋንግ ፕራባንግ ፊት ለፊት ያለውን የቀኝ ዳር፣ ሳያቡሪን፣ ጨመረች። ጀልባው ጥቂት ከሄደ በኋላ ሁለቱም ዳር ላኦስ የሚሆነው በዚህ ነው። ታይላንድ በ1941 በጃፓን አሸማጋይነት ያንን መሬት አስመለሰች፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1946 መልሳ ሰጠች።

እኛ ከአንድ አካባቢ የመጣን ሰው የወንዜ ልጅ እንለዋለን። ሜኮንግ ዳር ይህ አባባል ተሰነጠቀ። ወንዙ ከዚያ በፊት መንገድ ነበር፤ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት፣ ሩዝና ዓሣ የሚመላለስበት። ውሉ ሲፈረም ላኦኛ ተናጋሪው ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ፤ አብዛኛው በሲያም በኩል ቀረ። ዛሬም የላኦ ቋንቋ ተናጋሪ ከላኦስ ይልቅ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ይበዛል፤ በሁለቱም ዳር በእንፋሎት የሚበስለው ሩዝ ያው የሚጣበቀው ሩዝ ነው፣ በእጅ እየተድበለበለ የሚበላው።

በ1975 ኮሚኒስቶች ቪየንቲያንን ሲይዙ ላኦስ ለመንገደኛ ተዘጋች፤ ለጎብኚ በሯን የከፈተችው በ1989 ነው። በ2021 ማብቂያ ላይ ከቻይና ድንበር ሉዋንግ ፕራባንግን አልፎ ቪየንቲያን የሚገባ ባቡር ሥራ ጀመረ። ጊዜ የቸገረው ባቡሩን ይመርጣል፤ ቀርፋፋው ጀልባ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ከሁዋይ ሳይ ይነሣል።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ማልዳችሁ ሂዱ፣ ከሞተሩ ራቁ፣ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ታይላንድ የምታልቅበትን ቦታ ጀልባ ነጂውን ጠይቁት፤ ዓይን ብቻውን አይለየውም።