ከግሽ እስከ ናርጋ

የተወለድሁት ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። በልጅነቴ እናቴ በሌሊት ቀስቅሳ ከአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጠበል ታስጠምቀኝ ነበር። ጻድቁ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፣ ሳይርሱ እንደተመለሱላቸው የነገረችኝም እሷ ናት። ያ ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ይገባል፤ ተከትየው የሄድሁት ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ደቅ ደሴት ደረስን። እዚያ ያለውን ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ነግሦ ሳለ። ልሳለም ሄጄ የቤተ መንግሥት ቅጥር ገጠመኝ፦ ድንጋይ፣ ኖራ፣ በሩ ላይ የጎንደርን ግንብ የሚመስል ማማ። ይህን ሁሉ ኖራ በምን አሻገሩት? ግድግዳውን በመዳፌ እየዳሰስሁ ብዙ ቆምሁ። ውስጥ ደግሞ እቴጌዋ ራሳቸው፣ ያ ሁሉ ሥልጣን እያላቸው፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በሩ ላይ ፒፓ የያዘ ፈረንጅ ተቀርጿል፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው ይባላል። ብሩስ ግሽ፣ ከዓባይ ምንጫችን የደረሰው በ1763 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀዳሚው እኔ ነኝ ብሎ ጽፏል። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከአፄ ሱስንዮስ ጋር በ1610 ዓ.ም. አይቶታል። አያቶቼማ ከሁለቱም በፊት ሲጠመቁበት ኖረዋል።

ከመሳፈሬ በፊት ከሐይቁ በእፍኜ ቀድቼ ፊቴን ታበስሁ፤ እናቴ እንዳስለመደችኝ ሦስት ጊዜ።