ጭሮ በቁጥር ስትጻፍ

የአንድ ሕዝብ ጽሕፈት በየዘመኑ ከሚፈጠሩት መሣሪያዎች ጋር ያለው ግንኙነት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በጨርጨር ምድር ይህ ታሪክ የሚነሣው ከባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በአፍደም፣ በአሰቦትና በመኢሶ በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የቴሌግራፍ ሽቦም አብሮት ተዘረጋ። በሽቦው የሚጓዘው ፊደል ሳይሆን ነጥብና ሰረዝ ነበር፤ ያውም ለላቲን ሆሄያት የተበጀ ምልክት።

ፋቡላን የደረሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጨርጨርን ከአሰበ ተፈሪ ሲያስተዳድሩ፣ ጽሕፈት በአመዛኙ የብዕር ሥራ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ችግር የፊደሉ ብዛት ነው፤ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉና።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ በአዲስ መልክ ተመለሰ። መሣሪያው የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ሆሄ የቁጥር መለያ ሊሰጠው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው ደንብ 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት። በ1980ዎቹ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የተነሡ ባለሙያዎች የየራሳቸውን ቁጥር መደቡ፤ ውጤቱም በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት መሆን ነበር።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ተገኘ። የግዕዝ ፊደል፣ አኀዝና ሥርዓተ ነጥብ በጠቅላላው 345 መለያዎች ተሰጣቸው። ሀ 4608 ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ተያዘ። ጭ 4909 ነው፤ ከዚህ 4608 ተቀንሶ ቀሪው 301 ለ8 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ግዕዙ ከዜሮ ስለሚቈጠር 5 ማለት ሳድስ ነው። ሮ ደግሞ 4654 ሲሆን በዚሁ ስሌት 6 ይተርፋል፤ ሳብዕ ነው። የጥንቱ የፊደል ገበታ ሥርዓት በቁጥሩ ውስጥ ሳይፈርስ ተቀምጧል።

ሆኖም ቁጥር ድምፅን አይሰማም። ጭሮ ተብሎ የተጻፈው ጪሮ ከተባለ መለያው ከ4909 ወደ 4906 ይለወጣል። አሰበ ተፈሪ በንጉሡ ሠ ከተጻፈ 4656 የነበረው 4640 ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው ቁቤ ደግሞ የከተማዪቱ ስም 67፣ 105፣ 114፣ 111፣ 111 ነው። ለነዋሪው አንዲት ከተማ የሆነችው ለመሣሪያው ሌላ ሌላ ቦታ ናት፤ አያይዝ ብሎ ያዘዘው ሰው ከሌለ በአንዱ ስም የተመዘገበው የልደት ወረቀት ወይም የመሬት ሰነድ በሌላው ስም ሲፈለግ አይገኝም።

ስለዚህ በገለምሶ፣ በሂርናም ሆነ በበዴሳ የሚያስተምር መምህርና መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ የአጻጻፍን አንድነት እንደ ተራ ነገር ሊያዩት አይገባም። ቁጥሩን መሣሪያው ይይዘዋል፤ ስሞቹ የአንዲት ከተማ መሆናቸውን የሚያውቀው ግን ሰው ነው።