የየጁ ከተሞችና የቤት ገዢው ጥያቄ

በወሎ ምድር ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ቤቱ አይደለም። ግድግዳው የጭቃ ይሁን የብሎኬት፣ ክዳኑ ስንት ቆርቆሮ እንደ ፈጀ፣ ግቢው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚነገረው በኋላ ነው። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ሰፈሩ ወዴት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቤት ሲያረጅ ይታደሳል፤ ሲጠብ ይቀጠላል፤ ሰፈርን ግን ገዢው እንዳለ ይቀበለዋል እንጂ አያድሰውም። ሰፈር የሚለው ቃል ሠፈረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በቀድሞው ዘመን ዘማች ድንኳኑን ተክሎ ያረፈበትን ቦታ ይገልጥ ነበር። የሰፈሩን ቦታ የሚመርጠው አዛዥ የሚመለከተው ውሃውን፣ ማገዶውን፣ የከብቱን ግጦሽና ጠላት የሚመጣበትን አቅጣጫ ነበር።

ዛሬ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ቀበሌዎች ለቤተ ሰቡ መኖሪያ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤቱ ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ዋጋውም በዚሁ ይለካል። ይሁን እንጂ የአስፋልቱ ዘመን በየጁ ታሪክ ውስጥ አጭር ነው። ከእርሱ በፊት ሰው ቦታ ይመርጥ የነበረበት ሌላ መለኪያ ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ መንገድ ብቻውን ቤትን እንደማይጠብቅ ያሳዩ ዘመናት መጥተዋል።

የየጁ ምድር ከፍተኛው አምባ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነው። ከዚህ አገር የተነሡት መሳፍንት ከራስ አሊ ቀዳማዊ ጀምሮ እስከ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ የጎንደርን መንግሥት በእንደራሴነት ሲይዙ፣ መቀመጫቸውን ያደረጉት በደብረ ታቦር ነበር። በትውልድ አገራቸው የቀረው ሕዝብ ግን ሲሰፍር የኖረው በአንድ በቆየ ደንብ ነው። እርሻውን ወደ ሜዳው ያወርዳል፤ ጎጆውን ግን ወደ ተረተሩ ያወጣል። ይህን ያደረገው መልክዓ ምድሩን ለማየት ብሎ አይደለም፤ ንዳዱን ፈርቶ ነው። የወባ ትንኝ ነገር በሳይንስ ከመታወቁ በፊት ገበሬው በቆላ ያደረ ሰው እንደሚታመም ያውቅ ነበር። በኋላም ሐኪሞች የወባን ድንበር በአብዛኛው በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲያሰምሩ፣ የአባቶች ልማድ ካሰመረው መስመር ብዙም አልራቁም። ወልድያ በዚህ ድንበር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከእርስዋ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ግን ወደ 1600 ሜትር ዝቅ ትላለች።

ድንበሩም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታመን አልነበረም። በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ በኢትዮጵያ 150000 ያህል ሕዝብ እንደ ፈጀ ተገምቷል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚያ በኋላ ነው። ዲዲቲ የሚረጩት ሠራተኞች ወደ ቆላማው ቀበሌ መግባት በጀመሩበት ዘመን፣ በሜዳው ላይ ቤት መሥራት ቀድሞ እንደ ነበረው የድፍረት ሥራ መሆኑ ቀረ። የመርሳ ማንጎና ፓፓያ፣ የጊራና ወንዝ መስኖ፣ ሞቃት አየሯም ሰውን ወደ ታች የሚስቡ በረከቶች ናቸው። ሆኖም በረከቱን ያመጣው ውሃና ሙቀት ትንኙንም ያመጣልና፣ በመርሳ ሕፃናት ይዞ ቤት የሚገዛ ሰው ረግረጉና የመስኖው ቦይ የት እንደሚያልፍ ሳይጠይቅ ቢዋዋል የአባቶቹን ጥንቃቄ ንቆ ተወ ማለት ነው።

የመንገዱ ነገር የሚጀምረው ከጣልያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወራሪው አዲስ አበባን ከአሥመራ የሚያገናኘውን አውራ ጎዳና በደሴ፣ በወልድያና በቆቦ በኩል ሲያሠራ፣ ለጦሩ ማመላለሻ ይሁን እንጂ ለቤት ሠሪው ሁሉ አዲስ መለኪያ ተክሎ ሄደ። በወልድያ መሐል ከተማ ፒያሳ የሚለው ስም እስካሁን መቅረቱ የዚያ ዘመን ምልክት ነው። መኪና የሚቆምበት ቦታ የሚበላበትና የሚታደርበት ሆነ፤ ሻይ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ አልቤርጎው፣ ጋራዡ በተራ ተሰለፉ። ከጊዜ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ ወዲህ በተደረገው ስምምነት መሠረት፣ ከወልድያ ተነሥቶ ተራራውን እየሰነጠቀ ወደ ወረታ የሚሄደው መንገድ በቻይናውያን መሐንዲሶች ተሠራ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የተካሄደው ይህ ሥራ ወልድያን የሁለት መንገዶች መጋጠሚያ አደረጋት። ጎንደር በር የሚባለው ሰፈር ስሙ ራሱ ወዴት እንደሚያስወጣ ይናገራል። ዳገትን በጥምዝምዝ እየተከተሉ ተዳፋቱን በድንጋይ ግንብ ደግፎ መውጣት ለሙያው ሰዎች ዛሬም የሚመረመር ሥራ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መንገዱ ሳይሆን ከመንገዱ ዳር የቆመው ቤት ነው።

ያ ቤት በደኅናው ዘመን ሱቅ ይከራይበታል፤ ልጆች ከበሩ ላይ መኪና ይሳፈራሉ፤ ሕመምተኛ በሌሊት ሐኪም ቤት ይደርሳል። በክፉው ዘመን ግን መጀመሪያ የሚደረሰው ወደ እርሱ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ ከየገጠሩ የፈለሰው ሕዝብ የወረደው ወደዚሁ አውራ ጎዳና ነበር፤ እህል የሚያልፍበት እርሱ ነውና። በመንገድ ዳር ከተሞች የነበሩ ቤተ ሰቦች የዚያን ዓመት መከራ ከደጃፋቸው ላይ አይተዋል። ከዚያም በኋላ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ወልድያን ሲይዙ፣ ውጊያው የተጓዘው ይህንኑ መሥመር ይዞ ነው። ሕዝቡም የተሰደደው በዚሁ መንገድ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ነበር። ከተማይቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በእነርሱ እጅ ስትቆይ የወልድያ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ተዘርፈዋል። እንግዲህ ከአስፋልቱ አጠገብ ያለ ቤት ዋጋው ውድ የሚሆንበት ምክንያትና አደጋው የሚበዛበት ምክንያት አንድ ነው። ሻጭ የመጀመሪያውን ይናገራል፤ ሁለተኛውን ግን ገዢው ራሱ ማሰብ አለበት።

ከመንገዱ ይልቅ የሰፈሮችን ዕጣ አጥብቆ የወሰነ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ወረቀት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለቤት መሥሪያም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የኪራዩም መጠን ከመቶ 15 እስከ 50 እንዲቀነስ ሆነ። በአዲስ አበባ የትልልቅ ሕንፃ ባለቤቶች ጉዳይ ብዙ ሲወሳ፣ እንደ ወልድያ ባለች ከተማ ግን ነገሩ በአብዛኛው የሁለትና የሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ጉዳይ ነበረ። መበለት አንዱን ክፍል እየኖረችበት በሌላው ኪራይ ትተዳደር ነበር፤ ነጋዴም በመንገዱ ዳር አራት ደጃፍ ሠርቶ ያከራይ ነበር። አዋጁ ለተከራዩ ጣራ አስተማማኝ አደረገለት፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ከዚያ ወዲያ የቀበሌውን ቤት ማን ያድሰዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይገኝ ዓመታት አለፉ። ኪራዩ ለቆርቆሮ እንኳ የማይበቃ ሲሆን፣ ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘቡን አያፈስም።

ከዚህም የተነሣ በየከተማው መሐል ያሉት ጥንታዊ ሰፈሮች፣ ለገበያና ለመንገድ እጅግ የቀረቡት፣ የግልና የቀበሌ ቤት የተቀላቀለባቸው ሆነው ቀሩ። አንድ አጥር የግሉን ቤት ከቀበሌው ይለያል፤ አንዳንድ ጊዜም አጥሩ ሳይኖር ግድግዳ ብቻ ይለያል። በዚያ ሰፈር ቤት የሚፈልግ ሰው «ይሸጣል» ሲባል የሚሸጠው ባለቤትነት ይሁን ወይስ በስውር የሚተላለፍ የኪራይ መብት አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ አለበት። የኋለኛው ከሆነ ገንዘቡን የሰጠው ለምንም ነው። ተከራይ የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። በ1987ቱ ቆጠራ 24533 የነበረው ሕዝብዋ በ1999ኙ ቆጠራ 46139 ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ሕዝብ በአሮጌው መሐል ሊገባ አይችልምና ከተማይቱ ወደ ሜዳውና ወደ ተዳፋቱ ሰፋች። ኋላም ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ በ2009 ዓ.ም. ትልቁ ስታዲዮም ተመረቀ። በዚሁ ዘመን የከተማ ቦታ ሕግም ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ታወጀ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለቤት ገዢው ታላቅ ነገር ደነገገ፤ ይኸውም በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ይሆናል የሚል ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሻጭ ለአርባ ዓመት ያለ ሊዝ የኖረበትን ግቢ ወጣቱ ገዢ በዚያው ሁኔታ አያገኘውም። ሁለቱ የሚዋዋሉት ስለ አንድ ቤት ቢሆንም፣ ሻጩ የሚያስረክበው መብትና ገዢው የሚረከበው መብት አንድ አይደለም።

የውሉም አጻጻፍ እንዲሁ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ባለ ሥልጣን ፊት እንዲደረግ ያዛል። የሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ሥርዓት የግድ መሆኑን አጽንቷል። በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች ውሉ ያልተካደ እንደ ሆነ በሌላ መንገድ ቢመለከቱትም፣ የቤተ ሰቡን ጥሪት በሙሉ በሻጩ አለመካድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብልህ አይባልም። በአገራችን ልማድ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ቡና አስፈልቶ፣ መርቆ መዋዋል የተከበረ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ግን ምስክር የሚሆነው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የመርሳ ዳርቻ ነው። ከተማይቱ በእርሻ የተከበበች ስትሆን፣ የገጠር መሬት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ አይሸጥም አይለወጥም። የአማራ ክልል ለገበሬው የሰጠው የይዞታ ደብተር የመጠቀም መብት ማረጋገጫ እንጂ የመሸጫ ሰነድ አይደለም። ሆኖም የከተማው ድንበር ወደ እርሱ እየቀረበ መሆኑን የሚያይ ገበሬና በከተማው ውስጥ የቤት ዋጋ ያልቻለ ደሞዝተኛ በምሽት ይገናኛሉ። በሌሊት ተሠርቶ የሚያድረውን ቤት ሕዝቡ የጨረቃ ቤት ይለዋል። ገዢውም፣ ሻጩም በችግር የተያዙ ናቸውና በሁለቱ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቤቱ በፈረሰ ቀን ገበሬው ማሳውን፣ ደሞዝተኛው ገንዘቡን ያጣሉ።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ የአሥመራውን አውራ ጎዳና ሰነጣጥቆ ነበር። አባ ፒየር ጉዌን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል። ካራ ቆሬ ከወልድያ ሩቅ ቢመስልም፣ ሁለቱም ያሉት በዚያው የአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ጭቃና እንጨት የተማገሩበት አሮጌ ቤት በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይወዛወዛል፤ ያለ ብረት የተደረደረ ብሎኬትና ያለ ማሰሪያ የተካበ ድንጋይ ግን ይናዳል። ስለዚህ ገዢው «ጭቃ ነው» ብሎ የናቀው ቤት አንዳንድ ጊዜ «ዘመናዊ ነው» ብሎ ከመረጠው ይሻላል። ከዚህም ሌላ በመርሳና በውርጌሳ አካባቢ ተዳፋቱ እንደሚንሸራተት በጥናት ተመዝግቧል። በተዳፋት ላይ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው ዛፎቹ ቀጥ ብለው ቆመው እንደ ሆነ፣ የአጥሩ መሥመር ተጣሞ እንደ ሆነ፣ ምንጭ በአዲስ ቦታ ፈልቆ እንደ ሆነ ይመልከት። በሜዳው ላይ ደግሞ ዋልካው አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የበርና የመስኮት ማዕዘን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ከታየ መሠረቱ ጥልቅ አለመሆኑን ይናገራል። ቤትን በበጋ ብቻ አይቶ መግዛትም ስሕተት ነው። ከአምባው የሚወርደው ደራሽ ውሃ በዓመት የሚያልፍበት ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፣ ደረቁ አሸዋማ ቦይ በጥር ወር ለልጆች መጫወቻ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴን በዚያ ሰፈር ያሳለፈች አንዲት ጎረቤት ከደላላው ሁሉ የበለጠ ታውቃለች።

በወልድያና በመርሳ መካከል ባለው አገር ሌላም አዲስ መሥመር ተዘርግቷል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ በቱርክ ተቋራጭ ሲሠራ፣ ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለው ደግሞ ለቻይና ተቋራጭ ተሰጥቶ ነበር። እስከ 2013ቱ ጦርነት ድረስ ግን በሐራ በኩል መንገደኛም ሆነ ጭነት የያዘ ባቡር ሥራ አልጀመረም፤ በጦርነቱም ብዙ ዕቃው ተዘርፏል። የጣልያን አውራ ጎዳና የወልድያን ሰፈሮች ዋጋ የለወጠው መኪናው ካለፈበት በኋላ ነበር። በሐራ ዙሪያ ለቤት የሚጠየቀው ዋጋ ውስጥ ገና ያላለፈው ባቡር ስንቱን እንደ ያዘ ገዢው ከመዋዋሉ በፊት ለይቶ ማስላት ይኖርበታል።