ከሐሙስ ገበያ እስከ ንግድ ማኅበር፦ የመተማመን ታሪክ



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን፣ ወደ ሰሜን ሲዘልቅም ማክሰኝትን ያገኛል። ሁለቱም የተጠሩት በገበያ ቀናቸው ነው። ስያሜው ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ጎረቤታም ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው ይውሉ እንደነበር ይመሰክራልና።

ይህ ክፍፍል የነጋዴውን ጠባይ ቀርጿል። በዚህ ሐሙስ ያታለለ በሚመጣው ሐሙስ ከዚያው ሸማች ፊት ይቆማል፤ ስሙም በሌላው ቀን ገበያ ይቀድመዋል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከጣና በስተምሥራቅ የነበረው የይፋግ ገበያ በሲራራ ንግድ ከጎንደርና ከጎጃሙ ባሶ ጋር የተሳሰረ ነበር። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቀር ይመረምር ነበር። ይህ እንደ ነውር አልተቆጠረም፤ ብሩ ይፈተናል እንጂ ሰውየው አይሰደብም። ዱቤ ሲሆን ዋስ ይጠራል፤ ክርክር ሲነሣም ነጋድራሱ ይዳኛል።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ማኅበርንና የሂሳብ መዝገብን በጽሑፍ ደነገገ፤ ስለ ንግድ ማኅበራት የያዘው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል። ሆኖም ሕጉ የቀደመውን ሥርዓት በባዶ ሜዳ ላይ አላገኘውም። «ደንበኛ» የሚለው ቃላችን ከ«ደንብ» የወጣ ነው፤ ዘወትር የሚገዛውንም፣ ትክክለኛ የሆነውንም ይገልጻል።

ዛሬ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ይገበያያሉ። እንግዲህ የድርጅት ባህልን የምታጠኑ ሁሉ መመሪያውን ብቻ አታንብቡ፤ ያታለለውን መልሶ ከሸማቹ ፊት የሚያቆመው ሐሙስ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።