አንድ መልክ ያላቸው ቢምቢዎች

ግድግዳ ላይ ያረፈች ቢምቢን በጫማ ሲመታ ዝርያዋን የሚጠይቅ ሰው አላውቅም። የወባ ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ ብዙ ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

በ1898 ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ መሆኗን ሲያሳዩ ነገሩ ያለቀለት መሰለ። ቢምቢዋን አጥፋ፣ ወባው ይጠፋል። ግን አውሮፓ ውስጥ ረግረግ ያለበት፣ አኖፊለስ የሚርመሰመስበት፣ ወባ ግን የሌለበት አካባቢ ሞልቶ ተገኘ። ቢምቢዋ ያቺው አኖፊለስ ማኩሊፔኒስ ናት፤ ክንፏ ላይ ያሉት ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች እንኳን ያው ናቸው። አንዱ መንደር በትኩሳት ሲያልቅ ሌላው ከነቢምቢው በሰላም ይኖራል።

ልዩነቱን ከሰውነቷ ላይ ለማግኘት ያልተሞከረ ነገር የለም። ፈረንሳዊው ኤሚል ሩቦ ጥርሷን ቆጠረ። አዎ፣ ጥርሷን! ቆዳ በምትበሳበት የአፏ ክፍል ጫፍ ላይ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጥርስ መሰል ነገሮች አሉ፤ ጥርሰ ብዙዋ የከብት ወፍራም ቆዳ የለመደች፣ ሰውን የምትተው ናት ብሎ አሰበ። ሆላንዶች ደግሞ ክንፍ ለኩ። ክንፈ አጭሯን ቫን ቲል በ1927 አትሮፓርቩስ አላት፤ ጥቁርና ትንሽ እንደማለት ነው። የክንፍ ልኬት ግን የሚሠራው በአማካይ ነው። እጅህ ላይ ያለችውን አንዷን ቢምቢ ለክተህ «ይቺ ያቺ ናት» ማለት አትችልም።

መልሱን ያገኘው ዶሜኒኮ ፋሌሮኒ የሚባል የጣሊያን ጤና አገልግሎት ሰው ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ሁሉም ቢምቢዋን ሲመረምር እሱ እንቁላሏን አየ። አኖፊለስ እንቁላሏን ውሃ ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች፤ እያንዳንዱ ትንሽዬ ጀልባ ይመስላል፣ ጎንና ጎኑ ላይም መንሳፈፊያ አለው። ፋሌሮኒ አንዲት ቢምቢ የምትጥላቸው እንቁላሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለምና ንድፍ እንዳላቸው፣ ከቢምቢ ቢምቢ ግን እንደሚለያዩ አስተዋለ። በ1926 ላብራንኪዬና ሜሴዬ የሚሉ ስሞችን አወጣ። ጽሑፉን ወዲያው ከቁም ነገር የቆጠረው ብዙ አልነበረም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሃኬትና ሚሲሮሊ የእንቁላሎቹን ዓይነት ከወባው ካርታ ጋር ሲያስተያዩ ግን እንቆቅልሹ ተፈታ። ላብራንኪዬ ሰው ትነክሳለች፤ ሜሴዬ በረት ገብታ ከብቱን ትመርጣለች። እናቶቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ግን መለየት አይቻልም።

አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ እንቁላል እንኳን አልተገኘም። አኖፊለስ ጋምቢዬ የምትባለው አንዷ ገዳይ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ዴቪድሰንና ሂዩ ፓተርሰን ከተለያየ ቦታ የመጡትን ሲያዳቅሉ፣ ብዙ ዝርያ ሆና ተገኘች። የተዳቀሉት ወንዶች እንደ በቅሎ መካን ናቸው። መልካቸው አንድ፣ ዘራቸው ሌላ። ቀጥሎ ክሮሞዞም ማየት መጣ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከአንዲት ቢምቢ እግር በተወሰደ ዲኤንኤ መለየት ተቻለ።

ወደ እኛ ስመጣ በ1958 የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ይታወሰኛል። 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ገደማ እንደሞተ ይገመታል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያሉ፣ ደጋ ቀመስ የሆኑ ቦታዎች ሳይቀሩ ተመትተዋል። የዚያን ጊዜ ሰነዶች ላይ የቢምቢዋ ስም ጋምቢዬ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ዋና ወባ አስተላላፊ የምንላት አረቢየንሲስ ያኔ ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ ገና አልተለየችም ነበር።

በ1998 ደግሞ ከጅማ የተወሰዱ ቢምቢዎች ከደቡብ አፍሪካዎቹ «ዘመዶቻቸው» ጋር ሲዳቀሉ ወንዶቹ መካን ሆኑ። አዲስ ዝርያ ማለት ነው። በ2013 አኖፊለስ አምሃሪከስ ተባለች። (ጅማ ተገኝታ አምሃሪከስ መባሏን ለጨዋታ እተወዋለሁ።) ከብት ትመርጣለች፣ ከወባ አስተላላፊዎችም አትቆጠርም፤ በዓይን ሲያዩዋት ግን ቁርጥ አረቢየንሲስ ናት። መልክ ብቻ አይቶ የሚቆጥር ባለሙያ ሁለቱን አንድ ላይ ይደምራል፤ መድኃኒት የት ይረጭ የሚለው ውሳኔ ደግሞ ከዚያ ቁጥር ይነሳል።

አሁን ሌላ እንግዳ መጥታለች፦ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ የእስያ ቢምቢ። በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። እሷን ከአረቢየንሲስ በዓይን መለየት ይቻላል፤ አፏ አጠገብ ያሉት ሁለት ዘንጎች በነጫጭ ቅርፊት የተነጠበጠቡ ናቸው። የራሷን ቤተሰብ ውስጣዊ ልዩነት ለማወቅ ግን ሕንድ ውስጥ በ1937 ስዊትና ራኦ የቆጠሩት ያንኑ የእንቁላሉን መንሳፈፊያ ነው፤ ሽንትሮቹን አንድ በአንድ።

ስቴፈንሲ ረግረግ አትጠብቅም፣ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ድሬዳዋ በ2022 ወባ የተነሳባት በበጋ ነው፤ ዝናብ ሳይኖር።