ደሙ ከጸዳ በኋላ መድኃኒቱ ለምን ይቀጥላል? የልጆች ደም ካንሰር ሕክምና ታሪክ

«የልጄ ደም ጸድቷል ተብሏል፤ ታዲያ ይሄን ሁሉ መድኃኒት ለምን ይወስዳል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 መጨረሻ፣ ቦስተን ውስጥ ዶ/ር ሲድኒ ፋርበር አጣዳፊ ሉኪሚያ ለያዛቸው ሕፃናት አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት መስጠት ጀመረ። በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ከ16 ልጆች 10ሩ ተሽሏቸው ነበር። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ ከወራት በኋላ በሽታው አገረሸ። በ1953 መርካፕቶፑሪን መጣ፣ ቀጥሎም ፕሬድኒሶን። ለየብቻ ሲሰጡ ነገሩ ያው ነበር፦ ይሻላል፣ ያገረሻል።

ኤሚል ፍራይ እና ኤሚል ፍራይራይክ (አዎ፣ ሁለቱም ኤሚል ናቸው) በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሲሠሩ መላውን ከቲቢ ሕክምና ወሰዱ። የቲቢ ባክቴሪያ አንድን መድኃኒት ብቻውን ካገኘ ይለማመደዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቶቹ አንድ ላይ ይሰጣሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከማዳጋስካር አበባ የተገኘው ቪንክሪስቲን በሽታው ባገረሸባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤት አሳየ። እሱን፣ ሜቶትሬክሴትን፣ መርካፕቶፑሪንንና ፕሬድኒሶንን ባንድ ላይ ሰጡ። ስሙንም ቫምፕ አሉት።

ብዙ ሐኪሞች ተቃወሙ። አልፈርድባቸውም፤ ሊሞት ነው ለተባለ ልጅ አራት መድኃኒት ባንዴ መስጠት ስቃይ መጨመር ይመስላል። ነገር ግን የመድኃኒቶቹ ጉዳት አንድ ዓይነት አልነበረም። ቪንክሪስቲን በዋናነት ነርቭን ይነካል፤ ፕሬድኒሶን መቅኔን አያደክምም። ስለዚህ ሁሉንም በበቂ መጠን መስጠት ተቻለ። ፍራይራይክ በተጨማሪ ደም ለሚፈሳቸው ልጆች ፕላትሌት መስጠትን አስለመደ። በእኔ እይታ ያለዚህ የቀረው ሁሉ ባልተሳካ ነበር።

የልጆቹ መቅኔ ጸዳ። ከዚያ አንዳንዶቹ ራስ ምታትና ትውከት ይዟቸው ተመለሱ። ካንሰሩ መድኃኒቱ በደንብ በማይደርስበት በአንጎል ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ነበር። በሜምፊስ የቅዱስ ይሁዳ ሆስፒታል ዶ/ር ዶናልድ ፒንክል በኬሞቴራፒው ላይ የጭንቅላት ጨረርና በወገብ በኩል የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት ጨመረ፤ ሕክምናውንም ለዓመታት አስቀጠለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጀመረው ጥናት ግማሽ ያህሉ ልጆች ዳኑ።

ዛሬ ጨረሩ ለአብዛኞቹ ልጆች ቀርቷል። በወገብ የሚሰጠው መድኃኒትና ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዘልቀው ሕክምና ግን አሁንም አለ፤ በምርመራ የማይታዩ ሴሎች ሊቀሩ ይችላሉና። ልጃችሁ በዚህ ሕክምና ላይ ሆኖ ትኩሳት ከጀመረው እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።